ቀጭን ስልክ ማን ጠየቀ?

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከፒያሳ በታክሲ ሰፈሬ ደረስኩ። ሂሳቡን በቴሌብር ልከፍል ስልኬን ሳወጣ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ጠዋት መቶ በመቶ ሞልቼው ነበር የወጣሁት። ቀኑን ሙሉ ግን ቃለ መጠይቅ ስቀዳ፣ ፎቶ ሳነሳ፣ ላፕቶፔን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኝቼ ስሠራ ዋልኩ። ኪሴ ውስጥ ጥሬ ብር የለም፤ ሰፈሩም መብራት ጠፍቶበታል። ከባለሱቁ ተበድሬ እስክመለስ ሾፌሩ ቆሞ ጠበቀኝ። ምንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እኔ ግን አፈርኩ።

“ፓወር ባንክ አትይዝም?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እይዛለሁ፣ የዚያን ቀን ረሳሁት እንጂ። ግን ነገሩን አስቡት፦ ስልኩ እንዲቀጥን ባትሪው ትንሽ ተደረገ፤ የጎደለውን እኛ በተጨማሪ ገንዘብ ገዝተን በቦርሳ እንሸከማለን። ታዲያ የቀለለልን ምኑ ነው?

በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ውፍረቱ 11.6 ሚሊሜትር ነበር። በ2014 አይፎን 6 ወደ 6.9 ወረደ። ሳምሰንግ በ2020 ኤስ20 አልትራን በ5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ አወጣ። በ2025 የመጣው ኤስ25 አልትራም ያው 5000 ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ካሜራውም ፕሮሰሰሩም ተሻሽሏል፤ የባትሪው ቁጥር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

አይቻልም እንዳይባል ደግሞ የቻይና አምራቾች አሳይተውናል። በባትሪው ውስጥ ካለው ግራፋይት ጋር ሲሊከን ሲቀላቀል በዚያው ቦታ ላይ የበለጠ ኃይል ይከማቻል። በ2025 የወጣው ኦነር ፓወር 8000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ውፍረቱም 8 ሚሊሜትር አይሞላም። ኤስ25 አልትራ 8.2 ነው።

የሚጠነቀቁ አምራቾች ምክንያት የላቸውም አልልም። ሲሊከን ቻርጅ ሲደረግ ያብጣል። ሳምሰንግም በ2016 እሳት ያስነሳውን ኖት 7 ከገበያ ለመሰብሰብ ተገዷል። ግን ትልቅ ባትሪ ዕድሜም ይጨምራል። ባትሪ የሚያረጀው በአብዛኛው ስንት ጊዜ ሞልቶ እንዳለቀ ተቆጥሮ ነው። በቀን አንድ ጊዜ 5000 የሚጨርስ ሰው በዓመት 365 ዙር ይሞላል፤ በ8000 ባትሪ ግን ያው ሥራ ወደ 230 ዙር ብቻ ይፈልጋል። አንድ ስልክ አራት አምስት ዓመት ለምንይዝ፣ ከዚያም ለታናሽ ወንድም ለምናወርስ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስልክ ዛሬ ቦርሳችን ነው፤ መታወቂያችንም ወደዚያው እየገባ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ቦርሳችሁ ማታ ላይ ራሱን ቢቆልፍባችሁ ምን ትላላችሁ?

አስመጪም ሆነ ባለሱቅ የሚያመጣው የተጠየቀውን ነው። እኛ ደግሞ ሱቅ ገብተን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። ቀጣዩን ስልክ ስትገዙ ከባትሪው ጀምሩ።