የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ

ሰንጋ ተራ ላይ የማርኬቲንግ ሥራ ግማሹ እግር ነው። ከአንዱ ባንክ ሕንፃ ወጥቼ ወደ ሌላው እገባለሁ፤ በባዛር ሰሞን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ሴራሚኩን ስረግጥ ተረከዜን ሚስማር የወጋኝ መሰለኝ። ትንሽ ስራመድ ቀለል አለኝና “ብርድ ነው” ብዬ ተውኩት። ሦስት ወር አለፈ። የአራት ዓመቱ ልጄ “እማዬ፣ ነይ እንሩጥ” ሲለኝ “ነገ” ማለት ለመድኩ። ሐኪም ቤት የወሰደኝ ይሄ “ነገ” ነው።

በውስጥ እግራችን፣ ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶቻችን ሥር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ። ብዙ መቆም፣ የክብደት መጨመር፣ የባት መጠንከርና ሶሉ የሳሳ ጫማ ይጎዱታል። ሌሊት ስናርፍ ይኮማተራል፤ ጠዋት ስንረግጥ በድንገት ይለጠጣል። የመጀመሪያው እርምጃ የሚብሰው ለዚህ ነው።

“አጥንት በቅሎብሽ ይሆናል” ብለው ያስፈራሩኝ ነበሩ። ነገር ግን በኤክስሬይ የሚታየው ትርፍ አጥንት ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ ይገኛል፤ ለብቻው የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም።

ሕክምናው በአብዛኛው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ከአልጋ ሳትወርዱ የእግራችሁን ጣቶች በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ እስከ 10 ቆጥራችሁ ልቀቁ፤ 10 ጊዜ ድገሙት። ይህንን በቀን ሦስት ጊዜ አድርጉ። ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ የሚያመውን እግር ወደ ኋላ ዘርግታችሁ፣ ተረከዙን ከወለል ሳታነሱ ባታችሁን አሳስቡ። ማታ ማታ ውኃ ሞልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልላችሁ በውስጥ እግራችሁ ለ10 ደቂቃ አንከባሉት።

ቤት ውስጥ በባዶ እግር ሴራሚክ ላይ መሄዱንም ተዉት። አባቴ ይህን ሲሰማ “አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ሮምን ያሸነፈው?” አለኝ። እውነት ነው፣ በ1952 ዓ.ም.! እሱ ግን በልምምድ የጠነከረ ሯጭ ነበር፤ እኔ በስስ ጫማ አስፋልት ለአስፋልት የምዞር የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ሶሉ ወፈር ያለ፣ ተረከዙ በመጠኑ ከፍ ያለ ጫማ ገዛሁ።

መርፌ ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ ነገር ግን ጅማቱን የማዳከም አደጋ ስላለው የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ወራት ስለሚወስድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እግራችሁ ካበጠ፣ ከደነዘዘ፣ ትኩሳት ካላችሁ፣ ከወደቃችሁ በኋላ መርገጥ ካቃታችሁ ወይም የስኳር ሕመም ካለባችሁ ግን በቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እኔ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ባለፈው እሑድ ጠዋት ከልጄ ጋር መስቀል አደባባይ ወጣን። እሱ ሮጠ፣ እኔ ፈጠን ብዬ ተራመድኩ። ገና አልደረስኩበትም፤ “ነገ” ማለቱን ግን ትቻለሁ።