የተበተነ ባንድ፣ የተጣለ ካሴት



ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አላስተኛንም። የክርክሩ መነሻ የአቶ ኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» የተባለው አልበም ነው። አንዱ ጓደኛችን በስልኩ ሲያሰማን ሌላው፣ «ይህ የሽማግሌ ትዝታ ነው፤ የዋልያስ ባንድ ከተበተነ በኋላ አንድ ሰው ለብቻው ተመልሶ ቢመጣ ምን ይረባል? የድሮውን በድሮነቱ ቢተዉት አይሻልም ነበርን?» አለ። በዚያ ሌሊት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጋዜጣችን ልመልስለት አሰብሁ።

በመጀመሪያ ታሪኩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስታውስ፤ ዘመኑን የጻፍሁት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አቶ ኃይሉ በ1946 የተወለዱት በሌላ አገር ሳይሆን በዚሁ በደብረ ብርሃን ነው። በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው በኋላ አኮርዲዮንን ያለ አስተማሪ ተማሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር ያቋቋሙት የዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል። በ1977 ያወጡት «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጫወቱት የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በእርሱ ላይ ነው። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አቶ ኃይሉና አቶ ግርማ እዚያው ከቀሩት መካከል ነበሩ። ዋልያስም በዚያው ተበተነ።

አቶ ኃይሉ በ1985 መሣሪያዎቹን ሁሉ ብቻቸውን እየተጫወቱ አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ከዚያም በዋሽንግተን የታክሲ ነጂ ሆኑ። ሆኖም ኦርጋናቸውን ከታክሲው ኋላ ይዘው፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። ያን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ካገለገሉ ካሴቶች መካከል አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጡ።

እንግዲህ ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። «ላላ በሉ» የዋልያስ መልሶ መገናኘት አይደለም፤ ይህን አልክድም። ከበሮውንና ቤዙን የሚጫወቱት ቶኒ በክና ማይክ ማይኮቭስኪ የተባሉ አውስትራሊያውያን ናቸው። አቶ ግርማም በ2017 ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ አልበም ያወጡት አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳዮች ባንድ ጋር ነው። ነገር ግን «ላላ በሉ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አልበሙ በትዝታ ይከፈታል፤ ያም ትዝታ በርጋታ ተጀምሮ ወደ ሩጫ ይለወጣል። የመጨረሻው ግን ፒያኖ ብቻ ነው፤ ከበሮም ቤዝም የለም። እንደ እኔ አስተያየት ሰውዬው ድሮን ለመቅዳት አልሞከሩም፤ የቀሩትን ጓደኞች ቦታ ባዶ መሆኑንም አልደበቁም። ሁሉም እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ሰው ምንም ሳይሠራ ይሞታል። የተበተነ ባንድ አባል ሊያደርገው የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ነገር ይህ አይደለምን?

እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። ካሴቱ በባሕር ዳር ተጥሎ ሲገኝ ያነሣው ለምን የእኛ ሰው አልሆነም? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ የእኛ ግን ከዚያም የባሰ ነው። እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። ሕፃን ሳለሁ ገብስ ሲያሸት ወፍ ጠባቂ ነበርሁ። የአባቴን አሮጌ ካሴቶች እየሰበርሁ ክሩን በማሳው ዙሪያ እወጥረው ነበር፤ የመንዝ ነፋስ ሲመታው ያፏጫል፣ ወፉም ይሸሻል። በዚያ ክር ላይ የማን ድምፅ እንደ ነበረ አላውቅም፤ ወደ ፊትም አላውቅም። ስለዚህ ፈረንጅ ዘፈናችንን ወሰደብን እያልን ስናማርር እኔ አፌን ሞልቼ ለመናገር አልደፍርም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያነሣ ሰው መራጭም እርሱ ነው። ፈረንጁ ለጆሮው የተስማማውን አነሣ፤ ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በሠርግ ላይ የተቀረጸውን የመርሐቤቴ ማሲንቆ ወይም የግሼን እረኛ ዋሽንት ሊያነሣልን አይችልም፤ መኖሩንም አያውቅም። እነዚህን ማንሣት የሚችል ሰው ካለ እኛ ነን፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን በሳጥን ውስጥ የማን ካሴት እንደ ተቀመጠ የምናውቀው እኛ ነንና።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለክረምት ዕረፍት ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ ራቤል የምንሄድ ሁሉ እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ካሴት ይዘን እንመለስ። ከካሴቱ ጋር በትንሽ ወረቀት ማን እንደ ተጫወተው፣ የት እንደ ተቀረጸ፣ ከማን እጅ እንደ ተገኘ ይጻፍ። ማኅበሩ አንድ ደኅና ቴፕ ይግዛ ወይም ይዋስ፤ ድምፁም ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ፤ ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለስ። የቋንቋና የታሪክ መምህራኖቻችንም በመዝገቡ አያያዝ ቢረዱን ሥራው የልጅ ጨዋታ ሆኖ አይቀርም። ወጪው ብዙ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትንሽ ድካም ነው።

ጓደኛዬ ሆይ፣ ዋልያስ እንደ ቀድሞው ይሰባሰብልኝ ብትል ማንም ሊያደርግልህ አይችልም። አባትህ ቤት ያለውን ካሴት ከወፍ ማባረሪያነት ማዳን ግን በአንተ እጅ ነው። እኔ በበኩሌ የተረፉትን ሁለቱን ለማምጣት ቃል ገብቻለሁ። አንተስ?