የሚሰጥ እጅ ፎቶግራፍ አያሻውም

ሰው ሲቸግረው ችግሩን በአደባባይ ከመናገር ይልቅ በሩን ዘግቶ መዋልን ይመርጣል። ይህንን የምታውቅ ጎረቤትም ጭስ ያልወጣበትን ቤት አይታ፣ «ሽሮዬን ቅመሺልኝ፤ ጨው በዝቶብኝ እንደ ሆነ ንገሪኝ» ብላ ሳህኗን በነጠላዋ ሸፍና ትገባለች እንጂ «ተርበሻል ሲሉ ሰምቼ መጣሁ» አትልም። ሳህኑም ባዶውን አይመለስም። ይዋል ይደር እንጂ አንድ ነገር ተደርጎበት ይመለሳል። ዛሬ ልንጽፍበት የተነሣነው ጉዳይ፣ ይህንን የእናቶቻችንን ጨዋነት እኛ ተምረናል የምንለው ሰዎች በአንድ ቀን እንዴት እንደ ረሳነው ነው።

ነገሩን ለማያውቁት ከመጀመሪያው እንጀምር። ከግቢያችን ጀርባ ባለው ሰፈር የሚገኘው እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን የሚያኖርበት አንድ ዕቃ ቤት አለው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ የቀን ሥራ በቀዘቀዘ ጊዜ፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም «የምግብ ባንክ» የተባሉ መሰብሰቢያዎች ሲያቋቁም፣ ይህ እድር የዕቃ ቤቱን ግማሽ ለእህል ለቀቀ። የበሽታው ጭንቀት ከቀለለ በኋላም መደርደሪያውን አላነሣም፤ የኑሮው ጭንቀት አልቀለለምና። በወር ሁለት ቅዳሜ ይከፈታል። የሚመጡትም የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አሮጊቶች፣ ጡረታቸው ከቤት ኪራይ የማያልፍ ሽማግሌዎች፣ ሥራ የጠፋባቸው የቀን ሠራተኞች፣ እንጀራ እየጋገሩ ሲሸጡ የጤፍ ዋጋ ከገበያ ያስወጣቸው እናቶች ናቸው።

ባለፈው ገና የተማሪዎች ኅብረታችን ለዚህ ዕቃ ቤት እህል ለመሰብሰብ ተነሣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየመኝታ ቤቱ ደጃፍ ካርቶን ተቀመጠ። ተማሪው ከኪሱ፣ መምህራኑ ከደመወዛቸው ሰጡ። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚያስመሰግን ነበር፤ የሰጠ ሁሉ ብድሩን ይክፈለው እንላለን። በዋዜማው ቀን ግን ባነር አሠርተን፣ ድምፅ ማጉያ ተከራይተን ሄድን። ተቀባዮቹን በስማቸው እየጠራን በሰልፍ አቆምን። ለእያንዳንዳቸው ዘይትና ዱቄት እያስታቀፍን፣ እኛ ግራና ቀኝ ቆመን እየሣቅን ፎቶግራፍ ተነሣን። ከመምሸቱ በፊትም ሥዕሉ በኅብረቱ የቴሌግራም ገጽ ላይ ወጣ። «በርቱ» የሚል ምስጋና ዘነበልን።

ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ላይ ባለ 5 ሊትር ዘይት ታቅፈው አንገታቸውን የደፉ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ከእኛ ጋር ይማራል። እናቱን ያያቸው በመኝታ ቤት ጓደኛው ስልክ ላይ ነው። ጓደኛው ምንም ሳያውቅ «እዩ እስቲ፣ የኛ ልጆች ምን የመሰለ ሥራ ሠሩ!» እያለ ለሁሉም ያሳይ ነበር። ልጁ ዝም አለ። የተናገረው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ የተናገረውም ለክስ ሳይሆን «ሌላ ጊዜ እንዳይደገም» ብሎ ነው። ይህንን የጻፍነው በፈቃዱ ነው። ልጁ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ የጻፍነው ነገር ገና አልገባውም ማለት ነው።

ወደ እድሩ ሄደን ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁትን እናት ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ እህሉ ደግ ነበር፤ ፎቶው ግን ሰው አባረረብኝ» አሉን። እኒያ ባለ ዘይቷ እናት ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጡም። ሌሎችም ቀርተዋል። እኛ ሥዕሉን ከገጹ ላይ አጠፋነው፤ ዳሩ ግን የታየውን እንዳልታየ ማድረግ አይቻልም። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች የዚያ ኮሚቴ አባሎች ነበርን፤ ባነሩንም ከያዙት እጆች አንዳንዶቹ የእኛ ናቸው። ስለዚህ የምንወቅሰው ሌላውን አይደለም።

አሁን ለፋሲካ እንደገና ሊሰበሰብ ታስቧል፤ እንዴት ይሰብሰብ በሚለው ላይም ክርክር ተነሥቷል። በአንድ በኩል ያሉት ወንድሞቻችን «ሰጪው ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ ፎቶግራፍ ከሌለ ሌላ ጊዜ ማንም አይሰጠንም» ይላሉ። ይህ ንቆ የሚታለፍ አሳብ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ እየተሰበሰበ የት እንደ ገባ ሳይታወቅ የቀረበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ለመተማመኛ የሚያስፈልገው የተቸገረ ሰው ፊት ነውን? እድሩ ራሱ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና ተቆጣጣሪ አለው። በስብሰባው ቀን መዝገቡ ይነበባል፤ የገባውም የወጣውም ይታወቃል፤ የሟች ቤተ ሰብ ገንዘቡን ሲቀበል ግን ማንም ካሜራ አያነሣበትም። እኛም ይህንኑ እናድርግ። ጆንያው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ደረሰኙ ይለጠፍ፤ ስንት ኩንታል ገብቶ ስንት ቤት እንደ ደረሰ በቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይውጣ። የሰው ፊትና ስም ግን ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ አይለፍ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። አንድ የታሪክ ተማሪ ጓደኛችን «ፎቶግራፍ ባይኖር ኖሮ የወሎ ረኃብ መቼ ይታወቅ ነበር?» ሲል ጠይቆናል። እውነቱን ነው። በ1965 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው የረኃቡን ፎቶግራፍ አምጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ። ተማሪውም ከምግቡ ቀንሶ ለተራቡት እርዳታ አዋጣ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ጉዱን አየ። ያ ሁሉ የሆነው በሥዕል ነው።

ይሁን እንጂ የሁለቱን ሥዕሎች ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1965ቱ ሥዕል ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ መምህራን ዳቦ ይዘው እየሣቁ አልቆሙም። ያ ሥዕል የተዞረው ረኃቡን በሸሸጉት ባለሥልጣኖች ላይ ነበር፤ «ይህንን ለምን ደበቃችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሥዕል ማንን ይጠይቃል? ማንንም አይጠይቅም። በመካከሉ የቆምነው እኛ ነን፤ ትልቁ ጽሕፈትም የእኛ ስም ነው። እኒያ እናት በዚያ ሥዕል ውስጥ የገቡት የእኛን ደግነት ለማሳየት ነው። ድኻ ለምን በዛ፣ ጤፍ ለምን ተወደደ፣ ጡረታ ለምን አነሰ ብሎ የሚጠይቅ ሥዕል ካለ እኛ በፊተኛው ገጽ ላይ እናወጣዋለን። ራሳችንን የምናመሰግንበትን ሥዕል ግን በድኻ ፊት አንሣል።

«የምግብ ባንክ» የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ ማስታወስም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው የመጀመሪያው የሚባለውን የምግብ ባንክ አቋቋመ። አሳቡን ያገኘው ከአንዲት ችግረኛ እናት ነው ይባላል፤ ሰው ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የተረፈው ምግቡን የሚያኖርበት፣ የቸገረው ደግሞ የሚያወጣበት ቤት ቢኖር ብላ። እንግዲህ ባንክ ከሆነ፣ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣን ሰው በሰልፍ አቁሞ «አመስግን» የሚለው የትኛው ባንክ ነው? የእኛስ እድር ከዚህ በምን ይለያል? ዛሬ የሚያዋጣው ነገ የሚቀበለው ያው ሰው ነው። ከእኛ መካከልም በወሩ መጨረሻ ላይ በሻይና በዳቦ የሚያድር ተማሪ እንዳለ እናውቃለን፤ ዕቃ ቤቱ ለእርሱም ክፍት መሆን አለበት። ሰጪና ተቀባይ ብሎ ተማሪውን ከሰፈሩ የሚለይ ግንብ የለም።

ሃይማኖቶቻችንም ቢሆኑ በዚህ ነገር አልተለያዩም። ሙስሊሙ ወንድማችን የረመዳን ጾም ሲፈታ ዘካተል ፊጥር ያወጣል፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል ራሱ ከሚመገበው እህል ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ የሚደርስ ነው። መውጣት ያለበትም ከኢድ ሶላት በፊት ነው፤ ድኻው በበዓል ቀን እጁን ዘርግቶ እንዳይውል። ክርስቲያኑም በጾም ያስቀረውን ምሳ ለነዳያን እንዲሰጥ ይመከራል። በሁለቱም ዘንድ የተመሰገነው ስጦታ የተሰወረው ነው። በሁለቱም ዘንድ የሚሰጠው ደግሞ ሰጪው ራሱ የሚበላው እንጂ የሚጥለው አይደለም።

ይህን የመጨረሻውን ነገር የምናነሣው በምክንያት ነው። ባለፈው ከሰበሰብነው ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ዘይት ነበረበት፤ የነቀዘ ስንዴ ነበረበት። ብዙ ቦሎቄም ነበር። ቦሎቄ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን እስኪበስል ረጅም ሰዓት ስለሚፈጅ የሚያቃጥለው ከሰል ከእህሉ ዋጋ ሊበልጥ ምንም አይቀረው። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት እናት የሚፈልጉት ቶሎ የሚደርሰውን፣ ማለትም ሽሮና ክክ ምስር፣ እንዲሁም ዘይትና ጨው ነው። ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው ቢከርምም አይጎዳም፤ ዱቄት ግን ቶሎ ይሻግታል። ከሁሉም የሚሻለው ገንዘብ ነው፤ አንድ ተማሪ ከግቢው በር ሱቅ በኪሎ የሚገዛውን እድሩ ከእህል በረንዳ በኩንታል ሲገዛው በዚያው ገንዘብ የበለጠ ያገኛልና። ለመስጠት ከመነሣታችን በፊት «ምን ጎደለ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ባለፈው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።

የጊዜውም ነገር አለ። በገናና በፋሲካ ሰው ሁሉ ይሰጣል፤ መደርደሪያው ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ግን አዲሱ እህል ገና አልደረሰም፤ ዝናቡ የቀን ሥራውን ይቀንሰዋል፤ የልጆች የትምህርት መሣሪያ ወጪም እየቀረበ ነው። በዚያን ጊዜ እኛ ወደየቤታችን ሄደናል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ሆድ ግን የበዓል ቀን መቍጠሪያ አያውቅም።

ስለዚህ በሚመጣው ዓርብ በኅብረቱ ጉባኤ ላይ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ መዋጮው በበዓል ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየወሩ ይሁን፤ ከእያንዳንዱም ወር ጥቂት ተቀንሶ ለክረምት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከመሰብሰባችን በፊት የጎደለውን ነገር ዝርዝር ከእድሩ እንቀበል። ሦስተኛ፣ የተቀባይ ፊትና ስም በማናቸውም መንገድ አይውጣ፤ በምትኩ ሒሳቡ በየወሩ በሰሌዳ ይለጠፍ። አራተኛ፣ የቸገረው ተማሪ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ገብቶ እንዲወስድ ከእድሩ ጋር እንስማማ፤ «ለምን መጣህ?» የሚለውም አይኑር።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ነገር ቢኖር ይህንን ጉባኤ በመገኘት እንዲያከብሩት ነው። አሳባችንን የሚቃወም ጓደኛ ካለም ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም ሳንቀንስ እናወጣለታለን። ይህንንም ስንጽፍ ደግ ሥራ የሠራውን ሰው ለማሳፈር አስበን አይደለም። ኀፍረቱ ይገባል ከተባለም፣ የሚገባው ዘይት ታቅፈው አንገታቸውን ለደፉት እናት ሳይሆን ለእኛ ለሣቅነው ነው።

ካርቶኑ ከሰኞ ጀምሮ በምግብ አዳራሹ በር ላይ ይቆማል። በዚህ ወር የጎደለው ሽሮና ዘይት ነው። ቅዳሜ ጧት ወደ ዕቃ ቤቱ የምናደርሰው እኛ ነን፤ የምንሄደውም ያለ ባነር ነው። ጆንያ ለመሸከም የሚፈልግ ይምጣ፤ ስልኩን ግን በኪሱ ያድርግ።