በካኩማ ስለተቆረጠው ራሽን

በኬንያ ቱርካና በረሃ፣ በካኩማ መጠለያ በሚኖሩ ስደተኞች ላይ የተፈጸመውን ግፍ፣ እንጀራ ከማይታጣበት ከናይሮቢው ላቪንግተን ሆነን፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት እናወግዛለን።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን የውጭ ርዳታዋን አገደች፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ዋነኛ ለጋሽ እጁን ሰበሰበ። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ይገባዋል ያለው ዓለም፣ በዚያው ዓመት ጁን ላይ የካኩማን ራሽን ወደ ሙሉ ስፍሩ 28 በመቶ አወረደ፤ በስልክ ይላክ የነበረውንም የምግብ ገንዘብ አቋረጠ። በጁላይ የተራቡት ሰልፍ ወጡ። በኦገስት ቤተሰቦች በአራት ምድብ ተከፈሉ፤ አራተኛው ምድብም ራሱን ችሏል ተብሎ ከራሽን ወጣ።

ራሱን ችሏል የተባለው ማን ነው? ያለ መውጫ ወረቀት ከመጠለያው ርቆ እንዳይሄድ የተከለከለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ሠርቶ የመብላት መብት ቢሰጠውም የሥራ ፈቃዱ እጁ ያልገባ ሰው ነው። መንግሥት ለአረጋውያንና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ኢኑዋ ጃሚ በተባለው ፕሮግራም የሚከፍለው ድጎማም ለዜጋ ነው እንጂ ለእርሱ አይደለም። ከካኩማ ሸሽቶ ናይሮቢ የገባ እንደሆነ ደግሞ ራሽኑ አይከተለውም። እግሩን አስሮ፣ እጁን አስሮ፣ ሰርተህ ብላ ማለት በሰው ልጅ ላይ መሳለቅ ነው፤ ይህንንም ስሌት ምደባ ብሎ መጥራት ነውሩን አይሸፍነውም።

ካኩማ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የቆመ ነው። ደርግ ሲወድቅ የተሰደዱ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የዳሩት፣ ሙታናቸውን የቀበሩት እዚያ ነው። ከሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኮንጎ የመጡትም ከእነርሱ ጋር በአንድ ሰልፍ ቆመው አንድ ስፍር ተቀብለዋል፤ ቁስላቸው ቁስላችን ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ ያየ ሕዝብ፣ ከእህል ሰልፍ ተለይቶ ባዶ እጁን የተመለሰ አባት በልጆቹ ፊት ምን እንደሚሆን ማንም እንዲያስረዳው አይጠብቅም። የምንጾመው ፈቅደን፣ የምንገድፍበትንም ቀን አውቀን ነው፤ በእነዚህ ላይ የተጫነው ግን ማብቂያ ያልተነገረው ረሃብ ነው።

ስለዚህ ርዳታውን ያገዱትን፣ ዓይናቸው እያየ ድርሻቸውን ያልሞሉትን ባለጸጋ መንግሥታት ሁሉ እናወግዛለን። ራሽኑ በሙሉ ስፍሩ ይመለስ፤ አራተኛው ምድብ ይሰረዝ፤ ሠርቶ መብላት ለሚችለው መንገዱ ይከፈትለት። ይህን የምንጠይቀው በልመና አይደለም።