መውጫው በየት ነው?

በኮምፒውተር ሙያ ሰዎች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ቀልድ አለ። ማንም ሊገምተው የማይችል የይለፍ ቃል ያስፈልግሃልን? እንግዲያውስ አንድ አዲስ ሰው ቪም ፊት አስቀምጥና «ውጣ» በለው፤ ከዚያም በድንጋጤ የሚነካካቸውን ቁልፎች ከሥር ከሥር እየተከተልህ ጻፍ። ሌላውም እንዲህ ይላል፦ «ቪምን ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ።» «ወደኸው ነውን?» «የለም፤ መውጫው ጠፍቶኝ ነው።»

ቀልዱ ያላሳቀው አንባቢ አይፈር፤ የተነገረው ለእርሱ አልነበረምና። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ዓይነቱ ሳቅ ነው፤ ይኸውም ከውስጥ ያሉትን ስለሚያቀራርብ፣ ከውጭ ያሉትን ግን በር ላይ ስለሚያስቀር ሳቅ። ነገሩ የኮምፒውተር ቢመስልም ወደ ቅኔ ቤትም፣ ወደ እኛ ወደ ጽሑፍ ወዳጆች ደጅም ያደርሰናል።

ቪም የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ወላጁ ቪአይ ይባላል፤ እርሱንም ቢል ጆይ የተባለ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ጻፈው። በዚያን ጊዜ በእጅ የሚንሸራተት ማውስ በየጠረጴዛው አልነበረም፤ ኮምፒውተሩም የሚገናኝበት መስመር እጅግ ቀርፋፋ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ተደረገ፤ በአንዱ ሁናቴ ፊደል ይጽፋል፣ በሌላው ሁናቴ ትእዛዝ ይሰጣል። ኔዘርላንዳዊው ብራም ሙሌናር ይህንኑ አስፍቶና አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1991 ቪም ብሎ አወጣው። ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ ገና ሰላምታ ሊጽፍ ሲጀምር እያንዳንዷ ፊደል እንደ ትእዛዝ ትቆጠርበታለች፤ አንዷ ትሰርዛለች፣ አንዷ ታዘላለች፣ አንዷ ወደ ገጹ ግርጌ ትወረውረዋለች። ለመውጣት ኤስኬፕ የሚባለውን ቁልፍ መጫን፣ ሁለት ነጥብ መምታት፣ «ኪው» የተባለችውን የላቲን ፊደል ማስከተል፣ በመጨረሻም ኢንተርን መጫን ነው። ከዚህ የከበደ ነገር የለውም። ግን ያልተነገረው ሰው ከወዴት ያውቀዋል? ፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ በሚለዋወጡበት በስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ከቪም እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቀውን ገጽ የተመለከቱት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል።

ከእነርሱም የባሰ አለ። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈው ኢዲ የሚባል ማዘጋጃ፣ ተጠቃሚው ምንም ዓይነት ስሕተት ቢሠራ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ የጥያቄ ምልክት። ስሕተቱ የት እንደሆነ አይናገርም፤ እንዴት እንደሚታረምም አያመለክትም። ቁጡ የቅኔ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሰምቶ ቀና ብሎ እንደማየቱና ዝም እንደማለቱ ነው።

የቅኔ መምህርን ያነሣሁት እንዲያው ለማሳሳቅ አይደለም። እኔ ቀን ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ ለመቁጠር የምሞክር ሰው ነኝ፤ ከደብረ ታቦር ሆኜ ይህን የፕሮግራመሮች ቀልድ ስሰማ ቅኔ ቤት ትዝ ይለኛል። የቅኔ ተማሪ ግስ ይገሣል፣ ርባ ቅምር ይማራል፣ አገባብ ያጠናል፤ ከዚያ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ እየቆጠረ ይወጣል። ቪምም የራሱ ግስና አገባብ አለው። «ዲ» ማለት «ሰርዝ» ነው፤ «ደብልዩ» ማለት «ቃል» ነው፤ በመካከላቸው 3 ቢገባ «ሦስት ቃል ሰርዝ» ይሆናል። ግሱን፣ ቁጥሩንና ተሳቢውን የለየ ሰው ማንም ያላስተማረውን ትእዛዝ ራሱ ያበጃል። ቪምን የሚወዱ ሰዎች እየሣቁበትም የማይለዩት ስለዚህ ነው፤ ሰዋስው የገባው እጅ ከሐሳብ እኩል ይሮጣል።

ስለዚህ ክብደትን እንደ ኃጢአት ከሚቆጥሩት ወገን አይደለሁም። ሁሉ ነገር ይቅለል የሚል ሰው ቅኔም በአንድ ሌሊት ይለቅ ማለቱ ነው። በእኛው በደቡብ ጎንደር በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት ለማስመስከር ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ዓመታት የሚቀመጠው ትምህርቱ ከባድ ስለሆነ ነው፤ ክብሩም ከክብደቱ ነው። የምከራከረው በክብደቱ ላይ ሳይሆን በሳቁ ላይ ነው። በከባድ ነገር ዙሪያ የሚፈጠር ቀልድ ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው «እኔም እዚያ ነበርሁ» የሚል ሳቅ ነው፤ ሁለተኛው «አንተ እዚህ አትደርስም» የሚል ነው። የቀልዱ ቃል አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ እንደ ተናጋሪው ይለወጣል።

በሥራ ቦታዬም ያው ነው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ የሒሳብ ፕሮግራሙን አቋራጭ ትእዛዞች እስኪያጠና ድረስ ነባሮቹ ይስቁበታል። ሳቁ ሳያባራ አንዱ ወንበሩን ስቦ «በመጀመሪያ ይህችን ጻፍ፤ ቀጥለህ ይህችን ተጫን» ያለው እንደሆነ፣ ልጁ በሳምንቱ ከእኛ ጋር ሲስቅ ይገኛል። ወንበሩን የሚስብ ከሌለ ግን ልጁ መጠየቅ ያቆማል፤ ያልጠየቀ ደግሞ አይማርም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልግባ። በድምፅ ላይ በተመሠረቱ አንዳንድ የግእዝ መጻፊያዎች አማርኛ የሚጽፍ ሰው ቪም ውስጥ ቢገባ ምን ይገጥመዋል? ለመውጣት ሁለት ነጥብ ሲመታ የሚወጣው የእኛ ሁለት ነጥብ፣ ቃልን ከቃል የምንለይበት ነው። «ኪው»ን ሲጫን ደግሞ «ቅ» ይወጣል። ለዓይን ሁለቱ ነጥቦች መንታ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ዘመድ አይደሉም፤ የላቲኑን ያውቃል፣ የእኛውን አያውቅም። ስለዚህ ጸሐፊው ትክክለኛውን መውጫ አጥንቶም፣ ትክክለኛውን ቁልፍ መትቶም፣ እዚያው ይቀራል። ሌላው ዓለም የሚሥቅበትን ቀልድ እኛ በሁለት ነጥብ አብልጠነዋል። ሰሙ ነጥብ፣ ወርቁም ነጥብ፤ ልዩነቱን የሚያውቀው መጻፊያውን ወደ ላቲን የመለሰ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የቪም ባላንጣ የሆነውን ኢማክስን ላንሣ። በእርሱም ላይ ይቀለዳል፤ «ሁሉ የተሟላለት፣ የጎደለው ደኅና የጽሑፍ ማዘጋጃ ብቻ ነው» ይሉታል። ይሁን እንጂ ግእዝ በዓለም አቀፉ የፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው በኢማክስ 20 ግን ፊደላችን አስቀድሞ ነበረ። ታካሃሺ ናኦቶ የተባሉ ጃፓናዊ ያዘጋጁት መጻፊያ በውስጡ ይገኛል። መጻፊያው የፕሮግራሙ አካል ስለሆነ አማርኛ እየጻፉ ትእዛዝ መስጠት አያስቸግርም፤ ትእዛዙ በላቲን፣ ጽሑፉ በግእዝ ሆኖ ሁለቱ በሰላም ይኖራሉ። ይህ ማዘጋጃ የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ የሰበሰበበት አንድ ገጽ አለው፤ በዚያም አማርኛ «ሠላም» ይላል፤ በንጉሡ ሠ። የፊደል ጠንቃቃ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አልቆጣውም፤ በእሳቱ ሰ መጻፍ ነበረበትና። ግን ይህን ፈገግታ ከምን ጋር እናስከትለው? በር የከፈተልንን እንግዳ «ሆሄ ሳትክ» ብለን እንሸኘው ወይስ «ግባና አብረን እናርመው» እንበለው?

የእኛ ዘመን ጥያቄ በትክክል ይህ ነው። በስልካቸው አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ወጣቶች አሉ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እንስቅባቸዋለን፤ እንዲያውም «ፊደሉን ጠልተው» እንላቸዋለን። ከእነርሱ መካከል ግን የግእዙ መጻፊያ በስልኩ ውስጥ የት እንዳለ፣ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በየትኛው ቁልፍ እንደሚወጡ ያልተነገራቸው አሉ። ግጥም ይዞ ወደ ጉባኤ የመጣውንም ጀማሪ «ቤት አልመታም» ብለን ስቀንበት እንመልሰዋለን፤ ቤት እንዴት እንደሚመታ ግን አንነግረውም። መልሳችን እንደ ኢዲ አንዲት የጥያቄ ምልክት ሆናለች።

በዚህ ነገር ደብረ ታቦር ለኢትዮጵያ ያቆየችው ምሳሌ አለ። የቀልድ ንጉሥ የምንላቸው አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ የናባጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ። አህያ የሚነዳ መንገደኛ አግኝተው «እንደምን አደራችሁ?» አሉት ይባላል። የቀልዱ ሁለመና «ችሁ» ላይ ነው፤ ሰዋስዋችንን የማያውቅ እንግዳ ሰላምታ መስሎት ያልፈዋል። ቀልዳቸውን ሁላችን እንናገራለን፤ አለቃ ግን ቀልደው ብቻ አልቀሩም። እንደሚተረከው፣ አዲስ የአቋቋም ስልት አበጅተው የጎንደር ሊቃውንት አልቀበል ባሏቸው ጊዜ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» የምንለው ይህ ነው። ምላሳቸው ስለት የነበረው እኒያ ሰው እምቢ ያሏቸውን በቀልድ መብለጥ አያቅታቸውም ነበር። ስልቱ እስከ ዛሬ የቆመው ግን ወንበር ስበው ስላስተማሩት ነው።

ብራም ሙሌናርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መውጫው በጠፋ ፕሮግራም የተቀለደበት ይህ ሰው፣ ቪም ፋይል ሳይሰጠው ሲከፈት በሚታየው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ጽፏል፤ አንደኛው እንዴት እንደሚወጣ፣ ሁለተኛው በኡጋንዳ የሚገኙ ድሃ ልጆችን እንድንረዳ የሚጠይቅ ልመና። ለፕሮግራሙ ዋጋ አልጠየቀም፤ የወደደው ሁሉ ለኪባሌ ልጆች እንዲለግስ ግን ለመነ። በኋለኞቹ እትሞች ደግሞ ግራ የገባው ሰው ኮንትሮልንና «ሲ»ን አጣምሮ ቢጫን ፕሮግራሙ ራሱ መውጫውን ይነግረዋል። ሙሌናር እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2023 ዐረፈ። ቀልዱ ከእርሱ በኋላም ይነገራል፤ ምልክቱም በበሩ ላይ አለ።

እንግዲህ እንሳቅ። የማይሳቅበት ትምህርት ደረቅ ነው፤ የቅኔ ቤትም ያለ ሳቅ አይታደርም። ዳሩ ግን በሳቃችን ማግስት ወንበር እንሳብ፤ ለጀማሪው ገጣሚ ቤት መምታትን፣ በላቲን ለሚጽፈው ልጅ የፊደሉን ገበታ እናሳየው። ክብደቱን አንቀንስለት፤ መግቢያና መውጫውን ብቻ እንንገረው። ይህን ካላደረግን በውስጥ የምንስቅ ጥቂቶች ቀርተን፣ አንድ ቀን የምንቀልድለት ሰው እናጣለን።

ለስንብት ይህችን ቆጥሬአለሁ፤ የገበታን ሁለት ፍች ለሚያውቅ ወርቋ ቅርብ ነው።

ጣቶቼን ታጥቤ ብቀርብም ከባለጸጋ ገበታ፣
መግቢያውን እንጂ መውጫውን የሚያሳየኝ ጠፋ ጌታ።

ቸር ይግጠመን።