ጥበቃ ከቀብር ይቅደም

በባሕር ዳር ከተማ በዓባይ ማዶ ቆሞ ውኃውን የሚመለከት ሰው፤ ከጣና ጸጥ ብሎ የሚወጣው ይህ ወንዝ ጎጃምን ዞሮ ወደ መተከል ምድር እንደሚወርድ ያውቃል። በዚያው ምድር፤ በጉባ ወረዳ፤ ሕዝቡ ከመቀነቱ እየፈታ ያሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ደስታችንም ታላቅ ነው። ነገር ግን ደስታ ሐዘንን ሊያስረሳ አይገባምና፤ ግድቡ በሚሠራበት ዘመን በዚሁ ዞን ስለ ፈሰሰው የባላገር ደም ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ መተከል መጥተው ከነዋሪዎች ጋራ ስለ ሰላም ተነጋገሩ። በማግሥቱ ሌሊቱ ሳይነጋ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ የጦር መሣሪያ የያዙ ወንበዶች በተኙት ሰዎች ላይ አደጋ ጣሉ። ቤቱን በእሳት አያያዙት፤ ሰዉንም በጥይት ፈጁት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሞቱት ከ100 በላይ መሆናቸውን ወዲያው አስታወቀ።

ከዚህ በኋላ መንግሥት ጦር መላኩን ገለጠ። መላኩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ከበኩጂው እልቂት በሃያኛው ቀን፤ ጥር 4 ቀን፤ በድባጤ ወረዳ በዳለቲ ቀበሌ ደግሞ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች በማለዳ ተገደሉ። እንግዲህ ጦር ወደ ዞኑ መላኩ ብቻውን መንደርን እንደማያድን ከዚህ ይታወቃል።

ግድቡን ሠራዊት ቀንና ሌሊት ጠብቆታል፤ መጠበቁም የተገባ ነው። ነገር ግን ለግድቡ ገንዘብ ያዋጣው ገበሬ ከግድቡ ያነሰ የአገር ሀብት ነውን? መንደርን የሚያድነው በቅርብ የሚያድር ዘበኛና፤ ወሬውን በሰማ ጊዜ ሳይውል ሳያድር የሚነሣ ሹም ነው። ባላገሩ «የማናውቃቸው መሣሪያ የያዙ ሰዎች በጫካው ታዩ» ብሎ ሲያመለክት፤ ቃሉ ከነሰዓቱ ይጻፍ፤ የተቀበለውም ሹም ይፈርምበት። ሰምቶ ዝም ያለውም በሕግ ይጠየቅ። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት በ15ኛው አንቀጽ ማናቸውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ ቃል ለከተማ ሰው ብቻ ሳይሆን፤ በጫካ ዳር በሣር ቤት ለሚያድረውም የተጻፈ ነው።

ከዚህም ጋራ ልናስጠነቅቅ የሚገባን ነገር አለ። ወንበዶቹ ከጉሙዝ ነገድ ቢሆኑ፤ የጉሙዝ ሕዝብ ሁሉ ወንበዴ አይደለም። ከጉሙዝም ወገን በዚያ ሁከት የሞተና ከቤቱ የተሰደደ አለ። ገዳይ በስሙ ይጠራ፤ በስሙም ይፈረድበት። በነገድ የሚበቀል ሰው ግን የገዳዩን ሥራ ይጨርስለታል እንጂ፤ ለሟቹ ደም ካሣ አያመጣም።

ከመተከል ሸሽተው ወደ ቻግኒ የተሰደዱት በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ነበሩ። ስደተኛን «ወደ ቀዬህ ተመለስ» ማለት ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ግን በሌሊት ማን እንደሚጠብቀው ሊነገረው ይገባል። የሟቾቹም ስም በየቀበሌው በመዝገብ ይጻፍ፤ ልጆቻቸውም ጧሪ አሳዳጊ አይጡ።

ሳይቃጠል በቅጠል ማለትን ሁላችን እናውቃለን። በበኩጂም በዳለቲም ቅጠሉ የደረሰው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ሹማምንት ሆይ፤ በሚመጣው ጊዜ ከባላገሩ ደጃፍ አስቀድሞ የሚደርሰው ጠባቂ ይሁን እንጂ ቀባሪ አይሁን።