«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ላፕቶፔ ኢንተርኔት እምቢ ብሎኝ ሱቅ ወሰድኩት። ፎርማት አደረጉት፤ የመመረቂያ ጽሑፌ አብሮ ጠፋ» አለችኝ እያለቀሰች። ለአማካሪዋ የላከችው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው የተረፈው።

ምልክቱን ጠየቅኳት። የቤታቸው ዋይፋይ ስልኳ ላይ ይሰራል። ላፕቶፑም ዋይፋዩን ይይዛል፤ ቴሌግራም ሳይቀር ይገባል። ዌብሳይት ግን አንድም አይከፍትም። ከመቼ ጀምሮ? ልምምድ ከወጣችበት መስሪያ ቤት ከተመለሰች ወዲህ። እዚያ አንድ ልጅ ኔትወርኩ እንዲሰራላት ብሎ «ቁጥር አስገብቶላት» ነበር።

ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል?

ኮምፒውተር ዌብሳይትን የሚያገኘው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ስልካችን ላይ «እማዬ» የሚለውን ስንነካ ቁጥሩን ከኮንታክት ውስጥ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ይህን ስም ወደ ቁጥር የመቀየር ስራ የሚሰራው ዲኤንኤስ ነው። ከምልክቱ እንደምረዳው ልጁ ያስገባላት የመስሪያ ቤቱን የውስጥ ዲኤንኤስ ቁጥር ነው። ቤቷ ስትገባ ያ ቁጥር የለም፤ ላፕቶፑ የሚጠይቀው አጣ። ቴሌግራም የገባው የሰርቨሮቹን ቁጥር ራሱ ይዞ ስለሚዞር ነው።

ፎርማት ሲደረግ ደግሞ «ሰራ!» እንላለን። አዎ ይሰራል፤ ያ ቁጥር ከሌላው ሁሉ ጋር ተጠርጎ ወጣ ማለት ነው። አይጥ ገባች ብሎ ቤቱን ያቃጠለ ሰውም አይጧን ገላግሏል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ፦

1. በዚያው ዋይፋይ ስልክ ይሰራል? ካልሰራ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ሂሳብ መከፈሉንም እዩ።

2. ስልኩ ከሰራ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን የሲኤምዲ መስኮት ከፍታችሁ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጉ። የጎግል ዲኤንኤስ ቁጥር ነው። መልስ ከመጣ ኢንተርኔት አለ ማለት ነው። ቀጥላችሁ አንድ ዌብሳይት በስሙ ፒንግ አድርጉ። ቁጥሩ መልሶ ስሙ አልገኝም ካለ፣ ሌባው ዲኤንኤስ ነው።

3. የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በእጅ የተጻፈ ዲኤንኤስ ካለ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ካልሆነ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አስገቡ። የነበረውን ቁጥር ግን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ሱቅ የግድ ከሆነም «ፋይሌ ሳይቀዳ ፎርማት እንዳታደርገው» በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ግን አልፈልግም። ይችን ልጅ አይሲቲ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «ዲኤንኤስ ሲተነተን ምን ማለት ነው?» ብዬ ፈተና ላይ ጠይቄያታለሁ፤ በትክክል መልሳ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። የቃሉን ፍቺ ታውቃለች፤ ቤቷ ውስጥ ሲበላሽ ግን አላወቀችውም። ይሄ የእሷ ስንፍና አይደለም፤ የኛ አስተማሪዎች ነው። ሽምደዳ አስተምረን መላ እንጠብቃለን።

ከአሁን በኋላ የኔ ፈተና ሌላ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የአንዱን ኮምፒውተር ዲኤንኤስ ሆን ብዬ አበላሽቼ «ኢንተርኔት እምቢ ብሏል፤ ምክንያቱን ፈልጉ» እላቸዋለሁ። ፎርማት ያደረገ ዜሮ ያገኛል።

እናንተስ በፎርማት ምን አጥታችኋል? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፈ ላለ ልጅ ደግሞ ይህን ሼር አድርጉለት፤ ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ይቅዳው።